ፈትሂያ ማጠቢያውን የፈታች ቀን

ባለቤቴ ፈትሂያ ማሽን ስትፈታ አጠገቧ የቆመ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ዝም ማለት ወይም መባረር። እኔ ሁለቱንም ቀምሻለሁ።

ስሜ አብዱልባሲጥ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጨርቅ ከሆነ ዐይኔን ጨፍኜ በመዳበስ አውቀዋለሁ፤ ከጨርቅ ውጭ ያለ ዕቃ ግን እጄ ላይ ይሰበራል። አምፖል ስቀይር እንኳ ጎረቤት ይሰበሰባል። ስለዚህ ማጠቢያ ማሽናችን የተበላሸ ዕለት ማንም ወደ እኔ ዞር ብሎ አላየም፤ እኔም አልተቀየምኩም።

ማሽኑን የገዛነው እናቴ ሐዲጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ነው። እማዬ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ሐኪሙ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቆ አስጠንቅቆናል፤ ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ አለበለዚያ ኩላሊቷ አንድ ቀን ጉድ ያደርጋችኋል ብሎናል። የጠጣ ሰው ይሸናል፤ እኛም ሁልጊዜ አንደርስላትም። አንሶላው ይረጥባል፣ ቀሚሷ ይረጥባል። እማዬ ነጃሳ የነካው ልብስ ለብሳ አትሰግድም። «ለታመመ ሰው እኮ ይቀልለታል» ስንላት «ለፈለገ ይቅለለው» ትለናለች።

ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ይህ ሁሉ ጭንቅ አልነበረም። ፈትሂያ የረጠበውን ወስዳ ትጨምራለች፣ የደረቀውን ታነጥፋለች፣ እማዬም ንጹሕ ላይ ሆና ሶላቷን ትሰግዳለች፣ ውሃዋንም ትጠጣለች። ማንም ማንንም አያሳፍርም ነበር።

ክረምቱ መሐል ላይ ማሽኑ እምቢ አለ። ውሃ ይሞላል፣ ልብሱን ያሽከረክራል፤ ውሃውን ማፍሰሱ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ንብ ጢዝ እያለ ቆሞ ይቀራል። በሩም እንደተቆለፈ፣ አንሶላችንን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ፣ ወይ ፍንክች! ጠጋኙ ጋ ደወልኩ። ዛሪማ የሚባል ሩቅ ከተማ ወርዶ ሥራ ይዟል፤ የሚመለሰው ሲጨርስ ነው። መቼ እንደሚጨርስ ብጠይቀው «እግዜር ያውቃል» አለኝ። እሱንማ እኔም አውቃለሁ።

ፈትሂያ በእጇ ማጠብ ጀመረች። የጎንደር የክረምት ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ እሱም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጋቢ ደግሞ አንዴ ውሃ ከጠጣ ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ ይዞ ቢጠመዝዘውም አይጨመቅም። ዝናቡ አላባራ ሲል የታጠበውን ሁሉ ሳሎን ውስጥ ሰቀልነው፤ እኔም በገዛ ቤቴ በእርጥብ አንሶላ ሥር እያጎነበስኩ ማለፍ ሆነ ሥራዬ። የፈትሂያ ጣቶች ተሰነጣጠቁ። ትራስ ስታስተካክልላት እማዬ ጣቶቿን አየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠማት ተወች።

«እማዬ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» እላታለሁ ብርጭቆውን ይዤ።

«ሆዴ ሙሉ ነው።»

«በምን ሞላ?»

«ባንተ ወሬ።»

ሻዩ እንደቀረበ ይመለሳል፣ ውሃው እንደተቀዳ ይደፋል። ከንፈሯ ደረቀ፣ ዐይኗ ጎደጎደ፣ ድምፅዋ ሰለለ። ፈትሂያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እርስዎ እኮ እኔን ያሳረፉኝ መስሎዎት እየገደሉኝ ነው» ብላ አለቀሰችባት። እማዬ ፀጉሯን ደባበሰቻት እንጂ አልጠጣችም። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። ስናደድ ብልጥ የሆንኩ ይመስለኛልና «እንግዲህ ጠጪ፣ ማሽኑ ተሠርቷል!» ብዬ ዋሸሁ።

«ታዲያ ምነው አይጮህም?» አለችኝ።

ለካ ጆሮዋ እዚያው ማሽኑ ላይ ነበር። ተኝታ ሳለ ጎረቤት ምን እንደተቀቀለ በድምፁ የምታውቅ ሴት በምን ትታለላለች?

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ፈትሂያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ልፈታው ነው» አለችኝ።

«የኤሌክትሪክ ዕቃ እኮ ነው! ደርቀሽ ልትቀሪብኝ ነው?»

«ከግድግዳው ከነቀልኩት ቆርቆሮ ነው። ይልቅ ከሱቅ አቡጀዲ አምጣልኝ፤ ነጭ ይሁን።»

አቡጀዲውን ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ። አባቷ ሸሪፍ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አራዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የስፌት ማኪናቸው ሲበላሽ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና የፈቱትን ሁሉ በወጣበት ተራ ይደረድሩበታል፤ ሲገጥሙ ደግሞ ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ፈትሂያ ያንን እያየች ነው ያደገችው። ሳገባት ቆንጆ ነች፣ ጨዋ ነች ብለውኝ ነበር፤ ካቻቢቴ አያያዟን ግን አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም።

ሶኬቱን ነቀለች፣ የውሃውን መግቢያ ዘጋች፣ ቢስሚላህ ብላ ተንበረከከች። ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍታ ሳፋ ከሥሯ አስጠጋች። የማጣሪያውን ቡሽ ቀስ እያለች ስታላላው የታቆረው ውሃ ሳፋው ውስጥ መውረድ ጀመረ። መልኩ ቡኒ ነው።

«የቧንቧው ደለል ነው» አልኩ አዋቂ ሆኜ።

ከሳፋው ሥር ዝቃ በጣቶቿ መሐል አሸችው። «የቧንቧ ደለል ይልማል» አለች። «ይሄ ይቆረቁራል።»

ማጣሪያው ሲወጣ አፈርና ደቃቅ ጠጠር ሞልቶታል። አጥባ መለሰችው፣ ውሃውን ከፍታ ማሽኑን ሰክታ ሞከረችው። አሁንም ጢዝ ብሎ ቆመ። እኔ «በቃ፣ ሰውየውን እንጠብቅ» ልል አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝ። ዘጋሁት።

እንደገና ነቀለችው፤ መግቢያውን ዘግታ የገባውንም ውሃ በማጣሪያው በኩል ሳፋው ውስጥ አፈሰሰችው። ቀጥሎ የመጣው ከእኔ የሚጠበቀው ብቸኛ ሥራ ነው፤ መሬት ላይ ባነጠፍነው ፍራሽ ላይ ማሽኑን ማስተኛት። ወገቤ እስኪንቋቋ ተሸከምኩ። ፈትሂያ ከሥሩ ገብታ መጀመሪያ ሽቦዎቹን በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ የትኛው ቀለም የት እንደሚሰካ ስትመልሰው እንዳትሳሳት ነው። ከዚያ የጎማውን ማሰሪያ በፒንሳ ጨብጣ አላላች፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታች አቡጀዲው ላይ ደረደረች፣ ፓምፑን ይዛ ወጣች። ክዳኑን ስትከፍተው ውሃውን የሚገፋው ትንሹ መዘውር ጥግ የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር ተቀርቅራለች። ቤታችንን ሁሉ ያስጨነቀችው ይህች ነች! ፈትሂያ በመርፌ ጫፍ ፈልቅቃ አወጣቻትና መዘውሩን በጣቷ አሽከረከረችው። ዞረ። ወላሂ፣ ብድግ ብዬ ልስማት ነበር፤ ግን እጇ ቅባት ስለነበረ አባረረችኝ።

የማሽኑም በር ተከፈተላት። አንሶላውን ስታወጣ ከበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ቋጠሮ ያለባት ብጣሽ ጨርቅ ወደቀች። እሷን እንኳ እኔ ነኝ ያወቅኋት። ለእማዬ ለዒድ ከሰጠኋት አረንጓዴ ሻሽ ጠርዝ የተቀደደች ናት። ውስጧ ላይ አሁንም አፈር ተጣብቋል።

«ምን ሆና ነው ሻሿን የምትቀደው? ቆይ ልጠይቃት!» ብዬ ስነሳ ፈትሂያ ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ተየሙም» አለች በሹክሹክታ።

ውሃ መንካት ያቃተው በሽተኛ ለሶላት በንጹሕ አፈር እጁንና ፊቱን ማበስ ይፈቀድለታል። እማዬ ግን ከሶላት በፊት የምትታጠብበት የውዱእ ውሃ ከእኛ አጥታ አታውቅም፤ ፈትሂያ ራሷ ናት የምታስደርጋት። አፈሩን ከየት አመጣችው? ከአልጋዋ የማትወርድ ሴት! ፈትሂያ በአጥሩ በኩል ጎረቤታችንን የትነበርሽን ጠራቻት። የትነበርሽ የድብ ባሕር ገጠር ሰው ናት፤ እማዬን ሳትጠይቅ የምታልፍበት ቀን የለም። ጨርቋን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው! ከወንድሜ ማሳ ዳር፣ ሰውም ከብትም ካልረገጠው ሸጋ ሸጋውን መርጬ። ‹ፈትሂያ ቀን ስትለፋ ትውላለች፣ ለሱብሒ ሶላት ደግሞ ገና ሳይነጋ ውሃ ላምጣ ብላ መነሳት የለባትም፣ ልጄ ትተኛ› አሉኝ። አትንገሪያትም አሉኝ። ምነው ፈትሂያዬ፣ ጥፋት ሠራሁ?»

«ምን ጥፋት አለው» አለቻት ፈትሂያ። ለካ እማዬ አፈሯን ቋጥራ አንሶላው ሥር ትደብቀው ኖሯል። ፈትሂያ የረጠበውን አንሶላ ጠቅልላ ስታነሳ ቋጠሮውም አብሮ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል።

እማዬን አውቃታለሁ። ልጅቷን ላሳርፍ ብላ ያደረገችው ነገር ልጅቷን እጇ እስኪሰነጠቅ እንዳለፋት ብትሰማ ውሃውን ብቻ አይደለም፣ እህሉንም ትተዋለች።

«ይሄማ ሆድ ይፍጀው» አለች ፈትሂያ። የትነበርሽን ቀስ ብላ መከረቻት፤ ሌላ አፈር ስታመጣ ክዳን ባለው ጣሳ ታድርገው፣ «አፈሩ ከጨርቅ ይበናል» ትበላት፣ ሐሳቡ ከማን እንደመጣ አትንገራት። የትነበርሽ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ፈትሂያ ወደ እኔ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ ነህ» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«ያበላሸኸው።»

መቀሷን አንስታ ከለበስኩት ኮት ላይ አንዱን ቁልፍ ቀጭ አደረገችው። ኮቱ አዲስ ነበር! የትነበርሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ ለመጮኽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የፈትሂያን ዐይን ሳይ ግን ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ አፌን ዘግቼ ቁልፌን ፈቀድኩ።

ፓምፑን መለሰች፤ ከአቡጀዲው መጨረሻ ጀምራ ብሎኖቹን ወደ ኋላ እየሄደች ገጠመች። አንድም አልተረፈም። ማሽኑን አቁመን፣ መግቢያውን ከፍታ ትንሽ ውሃ አስገባችበትና ከጎማው መጋጠሚያ ሥር ደረቅ ወረቀት ዘርግታ ጠብታ መኖር አለመኖሩን ጠበቀች። ወረቀቱ ደረቅ ነው። አንሶላውን መልሳ ውሃ አስሞላችው። ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ከዚያ ውሃው በጎማው ሽርር ብሎ ወረደ፣ ማሽኑም እያጓራ መጭመቅ ጀመረ። የቤቱ ወለል ተንቀጠቀጠ። እንደዚያ የሚያምር ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

«ምን ሆኖ ኖሯል?» የሚል የሰለለ ድምፅ ከመኝታ ቤት መጣ።

ፈትሂያ እጇን በጨርቅ እየጠራረገች ገባች፤ እኔም እንደ ተከሳሽ ተከተልኳት። ቁልፏን በመዳፏ ይዛ አሳየቻት። «ይቺ ናት እማዬ። የኮቱ ቁልፍ ተበጥሳ የሱሪው ኪስ ውስጥ ኖራ፣ ሳይፈትሽ ከሱሪው ጋር ማሽኑ ውስጥ ከቷት ነው።»

እማዬ ቁልፏን አየች። ኮቴን አየች። ሲነሣ የማላውቀው ጭንቅላቷ ከትራሱ ብድግ አለ።

«አንተ!» አለች። «ጨርቅ ነጋዴ! የሰው ጨርቅ በክንድ ትለካለህ፣ የራስህን ኪስ አታውቅም! ይቺ የሰው ልጅ እጇ እስኪላጥ በበረዶ ውሃ ስትዘፈዝፍ አንተ እዚያ ሻይህን ታማስላለህ! አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እሱም እንዲሁ ነበር፤ ግን እሱ ቢያንስ ያፍር ነበር! አንተ ምን ትስቃለህ? ምን ያስቅሃል? እኔ እዚህ ተጋድሜ አንደበቴን ቆልፌ ልጅቱን ሳሳዝን የከረምኩት ለካ ባንተ…»

ሳል ያዛት። ጉሮሮዋ ደርቋል። እጇን ወደ ፈትሂያ ዘረጋች።

«ውሃ!»

ፈትሂያ ብርጭቆውን አስያዘቻት። እማዬ ቢስሚላህ ብላ አንስታ ሳታቋርጥ እስከ ታች ጠጣችው፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እያየሁ ቆሜ አለቀስኩ። አላፈርኩም። ባዶውን ብርጭቆ ግን አልመለሰችም፤ እንደያዘች ዐይኗን ከእኔ ሳታነሳ ወደ ፈትሂያ አስጠጋችው።

«ጨምሪልኝ ልጄ» አለች። «ገና መቼ ነገርኩትና!»