የሠራተኛ አልጋ

ነጅሙዲን እንኳን ሰው ፍየል የማይተኛበት ክፍል ስሎ፣ ሻዩን ፉት እያለ «ማሻአላህ፣ አማረ» ሊል የሚችል ሰው ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም። ውለታውን ረስቼም አይደለም። ሳውዲ፣ ኮበር የሚገኘው የዲዛይን ቢሮ የካፊሌ፣ የአሠሪዬ፣ ነው፣ የቢሮው ዋና መሐንዲስ ደግሞ ነጅሙዲን፣ የድሬዳዋ ልጅ። ሦስት ዓመት የካፊሌን ልጆች ትምህርት ቤት ሳመላልስ ከኖርኩ በኋላ «ይሄ ልጅ ኮምቦልቻ ድራፍቲንግ፣ ፕላን መሳል፣ ተምሯል፣ መሪ ላይ ምን ያደርጋል? ለኔ ስጠኝ» ብሎ ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ተለማማጅ ሆንኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ግን አሁንም የተጻፈው ሹፌር ነው። ነጅሙዲን «በቅቷል» ሲል ይቀየራል፤ ካላለ ወደ መኪናዬ እመለሳለሁ።

የዚያን ሰሞኑን ቪላ ያመጣችልን ታላቅ እህቴ አይናዲስ ናት። ደማም ከተማ፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ በሠራተኝነት ተቀጥራለች። ማዳሟ አል ራዋቢ ላይ አዲስ ቤት ሊያሠሩ እንደሆነ ስታወራ ሰምታ «ወንድሜኮ ዲዛይን ቢሮ ነው የሚሠራው» ብላ ዘው አለች። በሳምንቱ ማዳምና ባሏ ቢሯችን መጡ። ማታውኑ አይናዲስ ደወለችልኝ።

«ምንያህል፣ የኔን ክፍል የምትስለው አንተ ነህ አይደል?»

«ታዲያ ሌላ ማን ሊስለው ነው?»

«መስኮት አድርግልኝ። ትልቅ አላልኩህም። መንጋቱን የማይበት ብቻ።»

ያኔ የምትኖርበት ክፍል ከኩሽናው ጀርባ ነው፤ መስኮት የለውም። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት እንጂ እኔ ገብቼ አላየሁትም። የሰው ሹፌር ሰው ቤት ምን ሊሠራ ይገባል? የምንገናኘው ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ፣ በር ላይ ቆመን ነው። እኔን ኮምቦልቻ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ከዚያ ወዲህ ለራሷ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ይሄ መስኮት ነው። «ተሠርቷል በይው» አልኳት።

እውነትም ሳልኩላት። ፎቅ ላይ፣ ከልጆቹ መኝታ አጠገብ፣ ደህና ክፍል፣ በምሥራቅ በኩል መስኮት። ነጅሙዲንም አይቶ አሳለፈው። ከዚያ ማዳም ደወለች። የልብስ ክፍሏ ጠቧታል። ልብስ ክፍሉን የሚያዋስነው ደግሞ የአይናዲስ ክፍል ነው፤ ግድግዳውን ገፋነው። እንደገና ደወለች፤ አሁንም ገፋነው። የኤሲዎቹን የውጭ ማሽኖች ፊት ለፊት ማየት አልፈልግም አለች፤ እነሱንም ወስደን በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ደረደርናቸው። መስኮቱም በዚያው ተሰረዘ።

«አሁን አልጋ አስገባበትና ጨርሰው» አለኝ ነጅሙዲን። «ብሎኩ ማህደር ውስጥ አለ።»

ብሎክ የምንለው ኮምፒውተር ላይ አንዴ ተስሎ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ በር፣ ሽንት ቤት፣ ሶፋ፣ አልጋ። እየጎተትክ ማስቀመጥ ነው። «አልጋ - ሠራተኛ» የሚለውን ጎትቼ ባስቀምጠው ልክክ ብሎ ገባ። እንዲያውም መተላለፊያ ተረፈው። ደነገጥኩ፤ ይሄ ክፍል አልጋ ሊይዝ አይችልም። የአልጋውን ርዝመት ለካሁት። ሜትር ከሃምሳ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ አልጋ ሜትር ከሃምሳ ነው።»

«እና?»

«ሰው አይተኛበትም።»

«ሥዕል ላይ ማን ይተኛል?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር። ደንበኛው አልጋ ሲያይ ‘ይበቃል’ ይላል፤ ይፈርማል። አለቀ።»

የድሮ ሥራዎችን ከፈትኩ። አል ሙሐመዲያ ያሠራነው ቪላ፣ ያው አልጋ። ሌላም ከፈትኩ፣ ያው አልጋ። ስንቱ ዲግሪ የጫነ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄን አልጋ ሲጎትት አንድም ሰው አልለካውም። ሶፋውን ለክተዋል፣ የማዳሞቹን የጫማ መደርደሪያ ለክተዋል። ደሜ ፈላ።

«እህቴ ናትኮ የምትገባበት!»

«አውቃለሁ። ስለዚህ አርፈህ ጨርስ። ማዳምን አስቀይመህ ለእህትህ ምን ልታተርፍላት ነው?»

አላረፍኩም። ሥዕሉ ለደንበኞቹ በሚቀርብበት ቀን ጠዋት፣ ከመታተሙ በፊት፣ አጭሩን አልጋ አውጥቼ የጎልማሳ አልጋ አስገባሁ። ግድግዳውን አልፎ እግሩ የማዳም ልብስ ክፍል ውስጥ ገባ። እንዲያውም መስመሩን አወፈርኩት።

ባልና ሚስቱ መጡ። አይናዲስም የማዳምን ሕፃን ኑህን አቅፋ ከኋላቸው ገባች። በር ሥር ቆማ በዓይኗ ፈገግ አለችልኝ፤ ክፍሏን ልታይ ነው የመጣችው። ነጅሙዲን ወረቀቱን ዘርግቶ ስለ ሳሎኑ ሲተርክ የማዳም ጣት ቀጥ ብሎ ልብስ ክፍሏ ላይ አረፈ።

«ይሄ ልብሴ ውስጥ የገባው ምንድነው?»

«አልጋ ነው፤ የሠራተኛዋ» አልኳት፣ በዚያችው በሹፌር አረብኛዬ።

ነጅሙዲን ሳቀ። «ተለማማጅ ነው፤ ተሳስቶ ነው። አሁኑኑ እናስተካክላለን።»

«አልተሳሳትኩም። የሰው አልጋ ልኩ ይሄ ነው። ያነሰው ክፍሉ ነው።»

ነጅሙዲን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ማዳም ግን እኔን አላየችኝም፤ ወደ አይናዲስ ዞረች።

«አይናዲስ፣ ሙሽኪላ? ችግር አለ?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ማዳም።»

«ፊ ሙሽኪላ! ችግር አለ!» ብዬ ጮህኩ። ኑህ ደንግጦ አለቀሰ። ነጅሙዲን ፊቱ ዐመድ መሰለ። እኔ ግን አንዴ ወጥቶልኛል። «እዚህ ክፍል ውስጥ እግር ተዘርግቶ አይተኛም! መስኮትም የለው! ሰው ናት’ኮ!»

ባልየው እጁን አነሳ። ዝም ያሰኘኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ እህቴ ዞሮ፣ ረጋ ብሎ «አንቺ ተናገሪ፤ ምን ይደረግልሽ?» አላት።

ሰውዬው ከልቡ ነው የጠየቃት። ግድግዳው ይመለስ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። በይው፣ በይው እያልኩ በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ኑህን እሹሩሩ እያለች ማዳምን አየች።

«አልጋው ይቅር፤ ፍራሽ ይበቃኛል። መስኮት ብቻ ከተቻለ።»

ባልየው ወደ ነጅሙዲን ተመለከተ። ነጅሙዲን ትንፋሹ መለስ አለለትና፣ በዚያ ግድግዳ ኤሲዎቹ ስላሉ መስኮት የሚያስገባው የነሱን ወላፈን ብቻ መሆኑን አስረዳ። «ግን በመተላለፊያው በኩል፣ ከበሩ በላይ፣ የአየር ማናፈሻ ቀዳዳ እንከፍትላታለን።»

«ኸላስ፣ አለቀ» አለች ማዳም፣ ደስ ብሏት።

«ሹክረን፣ ማዳም» አለች እህቴ።

ባልየው ፈረመ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ለነጅሙዲን «እውነተኛ ልጅ ነው፤ ያዘው» አለው። ነጅሙዲንም ያን ደረቅ ፊቱን ፈታ። «ለካፊልህ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ፤ በቅተሃል።» ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቃል ነው፤ መልሼ ፊቱ ላይ ልተፋው አማረኝ። ትቼው ሮጥኩ። አይናዲስን ሊፍት በር ላይ ደረስኩባት፤ ባልና ሚስቱ ቀድመው ወርደዋል።

«ምን ሆነሽ ነው? አፍሽ ውስጥ አስገቡልሽ’ኮ! ‘ክፍሉ ይስፋልኝ’ ማለት አቃተሽ? ጭራሽ ታመሰግኛለሽ?»

«ቀስ በል፣ ልጁን ታስለቅሰዋለህ።»

«አይኔ!»

«ቢሰፋ ማዳም ንዴቷን በማን ላይ ነው የምትወጣው? ቁም ሳጥን በከፈተች ቁጥር በኔ ላይ ነው። አንተ ወረቀት ላይ ትጣላለህ፤ እዚያ ቤት የምገባው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈሽ ልትተኚ?»

ሊፍቱ ተከፈተ። ኑህን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችውና ገባች።

«አሁንስ ምን ላይ የምተኛ መሰለህ?»

በሩ ተዘጋ። ስንት ዓመት በር ላይ ቆሜ ሳወራት ይሄን አልጠየቅኳትም። በማን እንደምናደድ እንኳን መምረጥ አቃተኝ፤ በማዳም፣ በነጅሙዲን፣ «ሹክረን» ባለችው እህቴ፣ በራሴ፣ በሁላችንም ተናደድኩ።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ነጅሙዲን ሻዩን ይዞ ከኋላዬ ቆመ። አልጋውን ከሥዕሉ ላይ አጠፋሁት።

«አየህ?» አለኝ። «ክፍሉ ሰፋ።»