አሥራ አራተኛው ቀን

ያምሮት ሦስተኛውን ግቢ ስታንኳኳ ከውስጥ ይሰማ የነበረው ሳቅ ድንገት ቆመ።

«ቤቶች! ደህና አደራችሁ?»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ከጤና ኬላው።»

ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ከአጥሩ በላይ መጣ። «ሁላችንም ደህና ነን! ዜሮ ብለሽ ጻፊ!»

«መጸዳጃ ቤቱን አይቼው ልሂድ ብዬ ነበር።»

«ትናንት አይተሽው የለ? የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው።»

ሳቁ ተመለሰ። ያምሮት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ከቤቱ ቁጥር ፊት ለፊት ዜሮ ጻፈች። ቀኑ ሐሙስ፣ ኅዳር አሥራ አንድ ነው። በአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ምክንያት የቅዳሜ ገበያ ከተዘጋ ዘጠኝ ሳምንት ሆኖታል። ከወረዳ የመጣው ደብዳቤ እንደሚለው በቀበሌው አሥራ አራት ቀን ሙሉ አዲስ ታማሚ ካልተገኘ ገበያው ይከፈታል፤ አንድ ሰው ከታመመ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ዛሬ አሥራ አራተኛው ቀን ነው። አሥር ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ወጥታ ለወረዳ ስትደውል የምትናገረው ቁጥር ነገሩን ይቆርጠዋል።

ቀበሌው ከቡሬ መንገድ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ያምሮት የጤና ሠራተኛ ሆና ከፍኖተ ሰላም ተመድባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። ክፉው የመጣው በመስከረም ነው። ሁለት ሰው ከሞተ በኋላ ገበያው፣ ጠላ ቤቱ፣ ማኅበሩና ተዝካሩ ይቁም የሚል ትእዛዝ ደረሰ። ትእዛዙ የወረዳው ነበር፤ ገበያ መሐል ቆማ ወረቀቱን ያነበበችው ግን እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ዘጊዋ» ሆነ። ወተት ትሸጥላት የነበረችው ሴት «ላሟ ነጠፈች» አለቻት፤ ላሟን ግን በየቀኑ ጥጃዋን ስታጠባ ታያታለች። ቅዳሜ ከሰዓት በሯን ከዘጋች እስከ ሰኞ ጠዋት ከሰው ጋር ቃል የማትለዋወጥባቸው ሳምንታት ነበሩ። አንድ ሰኞ መንገድ ላይ ሰላምታ ስትሰጥ ድምፅዋ ሻክሮ ወጣ፤ የታመመች መስሏት ነበር።

ደስታነሽ ብቻ አልተለወጠችም። ደስታነሽ የአንድ ለአምስት መሪ ናት፤ የአምስት ቤት ወሬ ሰብስባ ለያምሮት ትነግራለች። በዚያው ቁጭ ትላለች፤ ጥጥ እየፈተለች ስለ ባሏ ስለ ደረሰ ግትርነት፣ ስለ አማቷ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራላታለች። ያምሮት የቤት ለቤት ዙሯን ስታወጣ የደስታነሽን ግቢ ሆን ብላ መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች። ለሌላው ሰው የሚሆን ትዕግሥት የምታገኘው መጨረሻ ላይ እዚያ እንደምትቀመጥ እያሰበች ነው።

ዛሬ ገና ሳታንኳኳ ደስታነሽ ከግቢው በር ላይ ወጥታ ቆመች።

«እንደምን አደርሽ እታለም። ዛሬስ አትግቢ፤ ለነገው ሚካኤል ቤቱን እየጠረግሁ ነው፣ አቧራው አይጣል ነው።»

ከትከሻዋ በላይ ግቢው ይታያል። በርበሬው በሰሌን ላይ ተዘርግቶ ቀልቷል። ከቤቱ በር እስከ ጓሮ ድረስ አመድ ተነስንሷል። አጥሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተሰጥተዋል፤ ውሃቸው ገና ይንጠባጠባል።

«ደረሰስ?»

«ከወንዙ ማዶ ሄደ። እህቱ ጋ።»

«በርበሬው ተዘርግቶ?»

ደስታነሽ ዞር ብላ በርበሬውን አሁን ገና እንዳየችው ሁሉ ተመለከተችው። በዚህ አገር ገበያ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው በርበሬውን አስጥቶ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ገበሬ የለም። ቅዳሜ የቡሬ ነጋዴዎች የጭነት መኪና ይዘው ይመጣሉ ተብሏል፤ ገበያው ካልተከፈተ ወደ ደምበጫ ያልፋሉ፤ ካለፉ ደግሞ ዘንድሮ አይመለሱም።

«ይመጣላ» አለች ደስታነሽ።

«አምስቱ ቤትስ?»

«ዜሮ። አምስቱም ዜሮ።»

ይህን ስትል ያምሮትን አላየቻትም። ያምሮት «እሺ» ብላ ዞረች። ለመቀመጥ አስባ ስለመጣች እግሮቿ ወዴት እንደሚሄዱ ለጥቂት ጊዜ ጠፋቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ሰው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ድንጋይና ግንድ ላይ፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ አድማሴ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ አሥራ ሦስት ቀን ዜሮ፤ ዛሬም እስካሁን ዜሮ። ጨዋ ሕዝብ ነን። ያም ሆኖ ቸኩለን እንዳናፍር ሐሳብ እንስጥበት ብዬ ነው።»

«ምን ሐሳብ አለው!» አለ አንድ ገበሬ ቁጭ እንዳለ። «ይኼ በሽታ ገበያ ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው? ለማዳበሪያ ስብሰባ ስትጠሩን አይዘንም፣ ሽንኩርት ስንገዛ ይይዘናል? አሁንስ ስንት ሰው ነን? ቁጠሩና!»

ሰው ሳቀ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «እኔ ለመሸጥ ያልኋቸው አራት ዶሮዎች ዘመድ ሆነውብኛል። እነሱን መሸጥ አሁን ልጅ እንደመሸጥ ነው። ደግሞ ልጆቼ ደብተር ይላሉ። ደብተር በእንቁላል አይገዛም፤ ገበያ ይፈልጋል።»

«ዑስማን ይናገር እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ከሁላችን የከሳው እሱ ነው።»

ዑስማን ከቡሬ ጨውና ሳሙና በአህያ እየጫነ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። «ከሳሁ እንጂ አልሞትሁም» አለ። «እውነቱን ልናገር? ገበያው መች ተዘጋ? የተዘጋው ሜዳው ነው። እኔ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በየጓሯችሁ ስሸጥላችሁ ነው የከረምሁት፤ የገዛችሁኝም እዚሁ ተቀምጣችኋል።» ብዙ ሰው አንገቱን ደፋ። «እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። ሰርቆ ከመገናኘት በይፋ መገናኘት ይሻላል። ግን ጠላው ለጊዜው ይቅር፤ መግቢያው ላይ የመታጠቢያ በርሜል ይቁም። ሳሙናውን እኔ አመጣለሁ።»

«በስንት ልትሸጥልን ነው?»

«ለአንተስ በእጥፍ ነው፤ ቆሻሻህ ብዙ ነው!»

ሳቁ ጋብ ሲል መሪጌታ ክንፈሚካኤል በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

«የኅዳር በሽታ ሲገባ አባቴ ልጅ ነበሩ። ነገ ግቢያችንን ጠርገን ጥራጊውን የምናቃጥል እሱን እያሰብን አይደል? አባቴ ሲናገሩ፣ ሰው ገበያ ውሎ ይመጣና ማታውን ይወድቃል፤ ቀባሪ ጠፋ ይሉ ነበር። እሱን ስሰማ ይዘጋ እላለሁ። ደግሞ ከበሽታው የተረፈውን ራብ ጨረሰው ይሉ ነበር። ይኼን ስሰማ ይከፈት እላለሁ። እኔ ሽማግሌው የማውቀው ይኼን ነው። የቀረውን የተማራችሁ ጨምሩበት።»

አድማሴ ወደ ያምሮት ዞረ። «እስቲ ልጄ፣ ዜሮውን አብሥሪን።»

ተነሣች። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሲያርፍ ድምፅዋ እንደ ልማዱ አነሰ። «ቁጥሩ የሚታወቀው አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

«አልሰማንም!»

«አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

«ዘጊዋ!» አለ አንድ ድምፅ፣ ሴቶቹም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ደስታነሽ አልሳቀችም። መሬቱን በጣቷ ትጭራለች።

ያምሮት ተቀመጠች። ሐሳቧን ቢጠይቋት እሷም እንደ ዑስማን ይከፈት ባለች ነበር፤ በርሜሉም የት እንደሚቆም ካሰበችበት ቆይታለች። የጠየቋት ግን ቁጥር ብቻ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ወደ ጉብታው ስትወጣ ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች። ደስታነሽ ናት። ባዶ እግሯን ነው፤ ፊቷ በላብ ርሷል።

«ያምሮት! ቁሚልኝ፣ በሞቴ!»

ያምሮት ቆመች።

«መቼ ጀመረው?» አለቻት።

ደስታነሽ ለመካድ አፏን ከፍታ ተወችው። «ትናንት ከሰዓት። ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው። ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ... ጎህ ሲቀድ ወንድሞቹ በቃሬዛ አሻገሩት።»

«ለምን እኔ ጋ አላመጣችሁትም? ኬላው ቅርብ አልነበረም?»

«ራሱ ነው እምቢ ያለ። ‹በእኔ የተነሣ የአገሩ በርበሬ አይበስብስ፤ ማዶ አድርሱኝ› አለ። ማዶ ሌላ ወረዳ ነው፤ እዚያ ቢቆጠር የእነሱ ነው አለ።»

«አሁንስ እንዴት ነው?»

«እህቱ ልካብኝ ነበር። ዓይኑ ገብቷል አለች፤ ድምፁም አይሰማም።»

ያምሮት ቦርሳዋን ከፍታ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት አወጣች፤ የያዘችው አሥራ ሁለት ከረጢት ብቻ ነው። «አንዱን በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ፤ ቀዝቅዞ። በማንኪያ ይሁን፣ አታቋርጡ። ቢያስመልሰውም ስጡት። ግን ይኼ ብቻ አይበቃውም፤ በደም ሥሩ የሚገባ ያስፈልገዋል። እሱ እኔ ጋ የለም። አምቡላንስ መምጣት አለበት።»

«ይምጣ! እኔ መች አይምጣ አልሁ።» ደስታነሽ እጇን ያዘቻት። «ማዶ ላለችው ለጓደኛሽ ለጤና ሠራተኛዋ ደውዪላት። እሷ አግኝታው እሷ ትጻፈው። እሱም ይድናል፣ ገበያውም ይከፈታል። ማን ተጎዳ?»

አመዱንና ብርድ ልብሶቹን ካየች ጀምሮ ያምሮት ይህን ራሷም አስባዋለች። «ብርድ ልብሶቹን የት አጠብሻቸው?»

«ወንዙ ላይ ነዋ። ከመሻገሪያው በላይ አይደለም፣ በታች ነው። የእኛ ሰው በታች አይቀዳም።»

«በታች የሚቀዳው ማነው?»

ደስታነሽ እጇን ለቀቀች። ከመሻገሪያው በታች የሚቀዱት የማዶ ሰዎች ናቸው፤ የደረሰ እህትም ከእነሱ ጋር።

«ትናንት ማታ ቤታችሁ ማን ገብቶ ነበር?»

«ጎረቤት ነዋ። ሰው ሲታመም ጎረቤት አይገባም?» ደስታነሽ ላቧን በነጠላዋ ጠረገች። «ብትጽፊው ምን እንደሚሉን ታውቂያለሽ። ከዕድር ያወጡናል። አንቺስ? እዚህ አገር ከእኔ በቀር ማን አለሽ?»

እውነት ነበር። ያምሮት ከረጢቶቹን በደስታነሽ መቀነት ጫፍ ቋጠረችላት።

«ሩጪ» አለቻት። «የፈላ ውሃ፤ አትርሺ።»

ደስታነሽ ጥቂት ዓይን ዓይኗን አየቻትና ወደ ወንዙ ቁልቁል ሮጠች።

ጉብታው ላይ አድማሴ ከሁለት ሰዎች ጋር ቀድሟት ተቀምጧል። ስልክ የሚሠራው እዚህ ብቻ ነው። «ዜሮውን በጆሯችን ሰምተን ብንወርድ ብለን ነው» አላት ፈገግ ብሎ። ከዚያ ላይ ሲታይ በየግቢው የተሰጣው በርበሬ በአረንጓዴው መሐል ቀይ ቀይ እያለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ከቤቱ ሁሉ ቀይ ያልተዘረጋበት የለም።

ደወለች። ሪፖርት የሚቀበለው የወረዳው ባለሙያ ወንዳወቅ ቶሎ አነሣው።

«እናንተ ዜሮ ናችሁ አይደል? ጻፍሁት።»

«ቆይ፣ አትጻፍ። አንድ አለ። ደረሰ ይባላል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ። ክፉኛ ደርቋል። ማዶ እህቱ ቤት ነው፤ አምቡላንሱ በድልድዩ በኩል ይዙር። አሁኑኑ።»

አድማሴ ከተቀመጠበት ተነሣ። ወንዳወቅ ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማታል።

«አምቡላንሱን ለማዶዎቹ ነግሬ አሁን አስነሣዋለሁ። እሱ ችግር የለውም። ግን ማዶ ካለ የእኛ አይደለም እኮ፤ የተገኘበት ወረዳ ነው የሚይዘው። እናንተ ዜሯችሁን ይዛችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ሊቀ መንበራችሁ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውሎልኛል፤ ሰው ተጨንቋል። ምን ልበል?»

አድማሴ ሁለት እርምጃ ቀረባት። አልተቆጣም። ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። «ልጄ፣ ትክክሉን እኮ ነው የሚነግርሽ። ማዶ ነው ያለው።»

ከታች መሻገሪያው ላይ ደስታነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውሃው ስትገባ ታየች።

«አሎ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች ያምሮት። «በሽታው የያዘው እዚህ ነው። የእኛ ነው፤ በእኛ ጻፈው።»