የደሴቷ ወፍ መሐል ሜዳ ላይ

ጌታነሽ መሐል ሜዳ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1991 ዓ.ም.፣ በእርዳታ ከመጡት መጻሕፍት መካከል ስለ አንዲት ሞቃት ደሴት ወፎች የተጻፈ መጽሐፍ አገኘች። አንዱን ሥዕል ስታይ ክው አለች። ጥቁር መሳይ፣ ደረቱ ሐምራዊ፣ ምንቃሩ ቀጭንና ቆልመም ያለ፣ የአበባ ወለላ የሚመጥ ትንሽ ወፍ ነው። «ሃሚንግበርድ» ይለዋል። ይህን ወፍ እሷ በየቀኑ ከከተማዋ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር፣ ራስ ክምር በሚባለው ቁጥቋጦ አበባ ላይ ታየዋለች።

ከደሴት እዚህ ድረስ በምን መጣ? ይህን ባታውቅም ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿ «አገራችን ውስጥ ሃሚንግበርድ አለ» ብላ አስተማረች፤ አዲስ አበባ ላሉት የቀድሞ መምህሯም ደብዳቤ ጻፈች።

ቅዳሜ ጠዋት መጽሐፉን ይዛ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ወፉ መጣ። መጽሐፉ «አየር ላይ እንደቆመ ይቀስማል» ይላል፤ ይሄኛው ግን ቅርንጫፉን ጨብጦ ተቀመጠ። ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍናት ሐምራዊው ጠፍቶ ጥላሸት መሰለ። ወዲያው አንዲት ቡናማ ወፍ አጠገቡ አረፈች።

የደብሩ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል በዚያ ሲያልፉ አዩዋት።

«ምን ጠፍቶሽ ነው፣ ልጄ?»

«መሪጌታ፣ ይቺ ቡናማዋ ሌላ ዘር ናት?»

«ሚስቱ ናት እንጂ! ጎጇቸው ያውና፣ ጥዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊደል ከምቆጥርበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ናቸው።»

«ከባሕር ማዶ አልመጡም?»

«ከየት አልሽ?» አሉ መሪጌታ፣ ግራ ገብቷቸው።

ቤቷ ገብታ መጽሐፉን ደጋግማ ገለጠች። ሥዕሉን ስታይ እሱ ነው፤ ወፉን ስታስታውስ አይደለም።

ከወር በኋላ መልስ መጣላት። «ሃሚንግበርድ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ እንዲሁም በዙሪያቸው ካሉት ደሴቶች ውጭ አይኖርም» ይላል የመምህሯ ደብዳቤ። «ያየሽው ሰንበርድ የሚባል የራሳችን ወፍ ነው። ሁለቱም አበባ ስለሚቀስሙ ተመሳሰሉ እንጂ የቅርብ ዝምድና የላቸውም።»

ሰኞ ክፍል ገብታ «ተሳስቼ ነው ያስተማርኳችሁ» አለች። ደብዳቤውንም አነበበችላቸው።

እስከዳር የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ካልተዛመዱ አንድ ዓይነት ምግብ ስለበሉ ብቻ እንዴት ይመሳሰላሉ?»

ጌታነሽ ጠመኔ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«እሱ እኔም ገና አልገባኝም» አለች። «አብረን እንፈልገዋለን።»