የጀርባው ክንፍ

ጅራቱማ ጥቁር ነው፣ እሺ፣ ዓይኑ ላይም ጥቁር መስመር አለው፣ ይሄ በሁለቱም ዓይነት ዓሣ ላይ አለ፣ ረጋ በይ ዓኢሻ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ፣ ፎቶውን አሳድጊው፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ መዳፍ የማያክል ቢጫ ዓሣ፣ ሃይላንዱን የያዘው አውራ ጣት ደግሞ የአብዱልሐሚድ ነው፣ መንጌ ወረዳ ወርቅ ሲቆፍር ድንጋይ ጥፍሩን ያጣመመበት፣ ወንድሜ አለ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ!

የት ግን?

ጦርነቱ እሱ የሚኖርበት ካርቱም ሲገባ ወደ ቀይ ባሕር ሸሸ፣ ከረመዳን በፊት ደውሎ በጀልባ የመን እሻገራለሁ አለኝ፣ ተው፣ የተሻገሩት የሰፈራችን ልጆች በደላላ እጅ ናቸው፣ ተው አልኩት፣ ከዚያ ዝም። ዛሬ በቴሌግራም ዓሣ ብቻ፣ ቃል የለም፣ የት ነህ ብዬ ጻፍኩ፣ አልደረሰውም፣ አቦ ይሄ ኔትወርክ! እናቴ ገንፎው ቀዝቅዞባት ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ተሻገረ ወይ? ቆይ እናቴ፣ ቆይ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ እንዴት ነበር የሳቀብኝ፣ አሶሳ ቁጭ ብለሽ የባሕር ዓሣ፣ ከማንጎ ዛፍ ልትለቅሚው ነው? ሳቅ አንተ፣ ሳቅ ብቻ።

ቢራቢሮ ዓሣ ነው፣ ከኮራል በቀር የማይበላ፣ ከኮራሉ ርቆ የማይሄድ፣ መጽሐፌ ላይ መንታ የሚመስሉ ሁለት አሉ፣ የጀርባ ክንፉ የጠቆረው በየመን በኩል፣ ቢጫው በሱዳን በኩል፣ ያ አላህ፣ እዚህ ጥቁር አያለሁ፣ ቆይ፣ ብርሃኑን ልጨምር፣ ጥቁሩ ከዓሣው አልፎ ውሃው ላይ ይቀጥላል፣ ጥላ ነው! የአውራ ጣቱ ጥላ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ጥርት ያለ ቢጫ፣ እስከ ጫፉ።

አልተሻገረም። አልተሻገረም እናቴ፣ ሱዳን ነው፣ ቀይ ባሕር አጠገብ፣ በምን አፌ አመስግኜ ልጨርስ ጌታዬ፣ ዓሣውን ቢጫ ስላደረግከው፣ ያንን ሞኝ ወንድሜን ምክር ስላሰማኸው።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ትጠርገዋለች፣ ትክ ብላ ታየዋለች፣ ይሄን ሰው ይበላዋል? ኧረ የለም፣ ሥጋም የለው። አልሐምዱሊላህ፣ ትላለች፣ በይ ጻፊለት፣ ወደ ውሃው ይመልሰው፣ ልጄን ያየ ዓሣ ነው።