ስም ያልወጣላቸው አምስት ችግኞች

ጋሽ ጎሳዬ ያላወቁት ነገር ካለ ሲከነክናቸው የሚውል ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት በቡና ችግኝ ጣቢያ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ የተሸለሙትን የግድግዳ ሰዓት በዚያው ቀን ፈታትተው ውስጡን አይተዋል። ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ አልሠራም፤ እሳቸው ግን አልቆጫቸውም። የተቆጩት ባለቤታቸው እትዬ ያለምወርቅ ናቸው። ከከተማቸው መርካቶ በርበሬ እንዲገዙ ሲላኩ ስሙን የማያውቁት ዘር ካዩ በርበሬውን ረስተው ዘሩን ይዘው ይመጣሉ። መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈር ያለው ጓሯቸው እንዲህ በተለቃቀመ ነገር የተሞላ ነበር፤ ግማሹ ምንነቱ ታውቆ ይበላል፣ ግማሹ ገና ይጠናል።

በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን ከመርካቶ ያልመጣ ዘር እጃቸው ገባ። የልጃቸውን የደበበን የብረት አልጋ ሊሸጡ ሲያወጡት አንደኛው እግር ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ሰሙ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ይሸጠው ነበር። እሳቸው አልጋውን ገልብጠው፣ የእግሩን ጎማ ነቅለው ሲያራግፉት አንድ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ወደቀ። የላስቲክ ክዳኑ እንደተገጠመ ነው። ውስጡ አሥራ ሁለት ፍሬ ዘር አለ፤ ከምስር የሚያንስ፣ ግራጫ ሆኖ ቡናማ ዝንጉርጉር ያለበት።

ደበበን በ1970 መጋቢት ላይ ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የት እንዳደረሱት የነገራቸው የለም፤ ሐዘን መቀመጥም አይፈቀድም ነበርና አልተቀመጡም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ፍተሻ ይመጣል ሲባል ጋሽ ጎሳዬ በገዛ እጃቸው ደብተሩንም፣ ፎቶግራፉንም፣ የእጅ ጽሑፉ ያለበትን ወረቀት ሁሉ አቃጥለው ነበር። ልጁ ምን ያስብ እንደነበር፣ ማንን ይወድ እንደነበር አያውቁም። የአገሩን ተክል ሁሉ ሲመረምሩ ኖረው አንድ ልጃቸውን ሳይጠይቁት ቀሩ፤ ይህ ያንገበግባቸዋል። አሁን ደበበ ደብቆ ያስቀመጠው ነገር መዳፋቸው ላይ አለ። ምን እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ የሚታወቀው ደግሞ ሲበቅል ነው።

«ዘር ነው» አሏቸው ለባለቤታቸው።

«የምን?»

«እሱን ነው የምናየው።»

እትዬ ያለምወርቅ ሌላ አልጠየቁም። የደበበ ነገር ከሆነ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ጠይቀው አያውቁም። አልጋው ሳይሸጥ ተመልሶ ገባ።

ጋሽ ጎሳዬ ዘሩን እንደለመዱት አድርገው ዘሩት። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት፣ ከጫካ ባመጡት ጥቁር አፈር መደብ ሠሩለት፣ በአራት ባላ ላይ የሳር ዳስ ጣሉለት። የቡና ችግኝ ያለ ጥላ አይሆንም፤ ዕድሜውን የቡና ችግኝ ሲያፈላ የኖረ ሰው ደግሞ ሁሉም ተክል ቡና ይመስለዋል። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ በቀሉ። ለቀንድ አውጣው ዙሪያቸውን አመድ ነሰነሱ፣ ለጎረቤታቸው ለዙቤይዳ ፍየሎች የእሾህ አጥር አጠሩ፣ ጠዋት ጠዋት እየተንበረከኩ የአፈሩን እርጥበት በጣታቸው ይለካሉ። ቅጠሉ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። መጀመሪያ ባለ ሦስት ጣት ወጣ፣ ከዚያ ባለ አምስት፣ ከዚያ ባለ ሰባት። በየቀኑ ይቆጥራሉ፤ ጣቱ በጨመረ ቁጥር እንደ ልጅ ይደሰታሉ።

ችግሩ፣ ችግኞቹ ቁመት እንጂ ጉልበት አላወጡም። ግንዳቸው ቀጥኖ፣ ገርጥተው፣ ወደ ጎን ይጋደማሉ። ጋሽ ጎሳዬ ፀሐይ በዝቶባቸው ነው ብለው ዳሱ ላይ ሳር ጨመሩ። ባሰባቸው። አሁንም ጨመሩ።

አንድ ጠዋት ዙቤይዳ የጠፋች ፍየሏን ፍለጋ መጥታ ዳሱ ሥር አጎንብሳ አየች። ዘር ማንዘሯ ከከተማው በላይ ያለው የጅሬን ኮረብታ ሰው ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፍየል እያረባች፣ ጎመን እየሸጠች ትኖራለች። ኦሮምኛና አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትናገረው።

«ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?»

«እሱን እያጠናሁ ነው።»

«እያጠኑት ገደሉት እኮ። ወላሂ ይሄ ፀሐይ ነው የሚፈልገው። አንገቱን አስግጎ ሲፈልጋት አያዩም?»

«ሠላሳ ዓመት ችግኝ አፍልቻለሁ፣ ዙቤይዳ።»

«የቡና» አለች ዙቤይዳ ፍየሏን በጆሮዋ እየጎተተች።

ጋሽ ጎሳዬ ተናደዱ። ቁርሳቸውንም በቅጡ አልበሉ። ቢሆንም ተሳስተው መገኘትን ይችሉታል፤ ሳያውቁ መቅረትን ነው የማይችሉት። ከሰዓት በኋላ ወጥተው ከሁለቱ ችግኞች ላይ ብቻ ሳሩን አነሡ፣ ሦስቱን እንደነበሩ ተዉአቸው። በሳምንቱ ሁለቱ ግንዳቸው ወፍሮ፣ ቅጠላቸው ለምልሞ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዳሱን ጨርሰው አፈረሱት። ለዙቤይዳ ግን ትንፍሽ አላሉም፤ እሷም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ነሐሴ ሲጋመስ አምስቱም ከግራዋው አጥር በላይ ሆኑ። ዝናብ ሲያባራ ሽታቸው መንገድ ድረስ ይወጣል። አላፊ አግዳሚው ይገምት ጀመር፤ አንዱ ጉሎ ነው ይላል፣ ሌላው ካሳቫ ነው ይላል። ዙቤይዳ ፍየሌ ቀምሳው ቀኑን ሙሉ ተጋድማ ዋለች ብላ ከሰሰች። ጋሽ ጎሳዬ ሁሉንም ያዳምጣሉ፣ ማንንም አያምኑም። ሁለቱ ተክሎች ቢጫ ብናኝ ጣሉ፤ ሦስቱ ጫፋቸው ላይ እጅ የሚያጣብቅ ነገር አወጡ።

«ወንድና ሴት አለው፣ እንደ ፓፓያ» ብለው ለባለቤታቸው አበሠሩ።

እትዬ ያለምወርቅ «እሺ» ብለው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ለአብዮት በዓል ቀበሌው የጓሮ ልማት ውድድር አዘጋጀ። ጳጉሜ ሁለት ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጣሰው፣ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋን አልማዝን አስከትሎ ተወዳዳሪ ሊመዘግብ መጣ። በማግስቱ የእርሻ ባለሙያዎች መጥተው ይዳኛሉ ተባለ። ጣሰው ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከደበበ ጋር አንድ ክፍል እንደተማረ ጋሽ ጎሳዬ ያውቃሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያውቁም።

ጎመኑን መዘገቡ፣ ቀይ ሥሩን መዘገቡ። አምስቱ ተክሎች ጋ ሲደርሱ ጣሰው ቆመ። ቅጠል ቀንጥሶ በጣቱ አሸ፣ አሸተተ፣ ወዲያው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ጉሎ ነው አይደል፣ ጓድ ጣሰው?» አለች አልማዝ ለመጻፍ ተዘጋጅታ።

«ጉሎ ነው» አለ። «ግን ተይው፣ አይጻፍ።»

ጋሽ ጎሳዬ ነገሩ ገባቸው። ሰው የማያውቀውን ተክል መጀመሪያ ያየዋል፣ ይዞረዋል፣ ይጠይቃል። አሽቶ የሚያሸት በፊት ያሸተተው ነው። በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ተገኘ፤ ደስታቸው ፍርሃታቸውን በለጠው።

ጣሰው ከቀትር በኋላ ብቻውን ተመለሰ።

«ጋሼ ጎሳዬ፣ እነዚህን ዛሬውኑ ይንቀሏቸው።»

«ጉሎ ይነቀል የሚል መመሪያ ወጣ እንዴ?»

«ጉሎ እንዳልሆነ ያውቃሉ።»

«እኔ ምኑን አውቄ? የምታውቀው አንተ ነህ።»

ጣሰው ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሀሺሽ ነው። ነገ የሚመጡት ሰዎች ያውቁታል። ወኅኒ ይወርዳሉ፤ እኔ ላስጥልዎት አልችልም።»

«ሀሺሽ» አሉ ጋሽ ጎሳዬ ቃሉን ዝግ ብለው። ስሙን ሰምተው ያውቃሉ፣ ተክሉን አይተው አያውቁም ነበር። «ከደበበ አልጋ እግር ውስጥ ነው ያገኘሁት። አንተ በምን አወቅኸው?»

«ይንቀሏቸው ብቻ» አለ ጣሰው።

«እሺ፣ አምስት ናቸው» አሉት። «ስለ ልጄ የማላውቀውን አንድ ነገር ትነግረኛለህ፣ አንድ እነቅላለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም።»

ጣሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ዘሩን ከሻሸመኔ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት ለሁለቱ እንደሰጣቸው፣ እሱ የድርሻውን ፈርቶ ሽንት ቤት እንደጣለ፣ ደበበ ግን ምን ዓይነት ተክል እንደሚሆን ማየት አለብኝ ብሎ እንዳስቀረ ነገራቸው። ጋሽ ጎሳዬ አንዱን ነቀሉ። ልጁ የእሳቸው ልጅ ነበር ለካ።

ሁለተኛው ወሬ የጅሬኑ ነው። ኮረብታው ላይ ሁለቱ አንድ ቀን ብቻ ሀሺሽ አጭሰው ነበር። ጣሰው ሲያስለው ዋለ፤ ደበበን ግን ሳቅ ያዘው።

«በእርስዎ ነበር የሚስቀው። አንዷ የቡና ችግኝ ፊት ተንበርክኮ ‹ምን አነሰሽ እመቤቴ፣ ማን አስቀየመሽ› ይላታል። ድምፅዎን ቁርጥ አድርጎ። ስቆ ስቆ መሬት ላይ ተንከባለለ።»

ጋሽ ጎሳዬ ሳያስቡት ሳቁ። ሰው የለም ብለው ነበር እንደዚያ የሚሏት። ሁለተኛውን ነቀሉ።

ሦስተኛው ወሬ ንግስት የምትባል ልጅ ናት። ደበበ ይወዳት ነበር፤ ዛሬ አጋሮ ባል አግብታለች። የመጀመሪያ ልጇን ደበበ ብላዋለች። ጋሽ ጎሳዬ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙትና ነቀሉ።

አራተኛውን ጣሰው ከእስሩ ጀመረ። «እኔም አብሬው ታስሬ ነበር። አራት ቀን፣ ቡና መጋዘን ውስጥ። ጨለማ ነው። ጆንያዎቹን እያሸተተ ይሄ የሊሙ ቡና ነው፣ ይሄ የጌራ ነው ይለናል። አንድም አልሳተም።»

«አላስተማርኩትም እኮ።»

«እርስዎ ሲያደርጉ እያየ ነው የተማረው።»

ጋሽ ጎሳዬ ፊታቸውን አዙረው አራተኛውን ነቀሉ። ያ ልጅ የአባቱን ሥራ ይንቃል ብለው ነበር ሲያዝኑ የኖሩት።

አምስተኛው ትልቁ ነበር። ግንዱን ጨበጡና ቀና አሉ።

«አንተ ወጣህ።»

«ወጣሁ።»

«እሱ አልወጣም። ለምን?»

«ሌላ የማውቀው የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ይቺ ነገ ድረስ ትቆማለች። ሲመጡ ሊቀመንበሩ ጉሎ ነው ብሎ አልፏታል እላለሁ። አብረን እንወርዳለን።»

እንደሚሉት ዓይናቸው ውስጥ ይታያል። ጣሰው መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«የተያዘብን የተቃውሞ ወረቀት የእኔ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። በአራተኛው ቀን ሁለታችንን አቁመው የማነው ሲሉ ምላሴ ተሳሰረ። እሱ ‹የኔ ነው፣ ይሄ ምንም አያውቅም› አለ። እኔን በዚያው ቀን ለቀቁኝ። ሦስት ዓመት በደጅዎ ላለማለፍ በወንዙ ዞሬ ነው የምሄደው።»

ጋሽ ጎሳዬ መጀመሪያ ሊመቱት ፈለጉ። ቀጥሎ በልጃቸው ኮሩ፤ ኩራቱ ከሐዘኑ ባልተናነሰ አሳመማቸው። ማወቅ እንዲህ የሚያቃጥል ነገር ነው ብለው አስበው አያውቁም ነበር። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ዱላውን እየጠበቀ ነው። ግንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀሉት። አምስቱንም ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ አፈር መለሱባቸውና እጃቸውን አራገፉ።

ቤቱ በር ላይ እትዬ ያለምወርቅ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አይታወቅም፤ ከዚያ ሆኖ ቃሉ አይሰማም፣ የባላቸውን ሳቅ ግን ሰምተዋል። ሦስት ዓመት ያልጠየቁት ማወቅ ስላልፈለጉ እንዳልሆነ ጋሽ ጎሳዬ አሁን የሚስታቸውን ፊት ሲያዩ ገባቸው። የሚመልስላቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

«ግባ» አሉት ጣሰውን። «ለእናቱም ንገራት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከሳቁ ጀምርላት።»