ሁለቱ የአበጋዝ ፊርማዎች

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ፀዳለን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ ሰላም ስትልህ እንኳ ከፊትህ ይልቅ እጅህን የምታይ ሴት ናት። ምን ታድርግ፣ ሙያዋ ነው! አዲስ አበባ፣ የፖሊስ ምርመራ ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀችው በሰው ፊርማ ላይ አቀርቅራ ነው፤ የሐሰት ቼክ፣ የሐሰት ዲፕሎማ፣ ሟች ከሞተ በኋላ የተጻፈ ኑዛዜ ስታይ ኖራለች። አባቷን ልታስታምም ወደ አርባ ምንጭ ስትመለስ ማይክሮስኮፗን ይዛ መጣች። አባቷ ካረፉ በኋላ ፍርድ ቤቱ ጠራት፣ እሷም እሺ አለች፣ በቃ እዚሁ ቀረች።

የኩልፎ ወንዝ ዳሩ የሙዝ ማሳ ክርክር እጇ የገባው ያኔ ነው።

ማሳው የአበጋዝ ነበር። አበጋዝ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ነው። እማማ ልክነሽ "አበጋዝ በሕይወት ሳለ ለባሌ ለዳልጮ፣ ለወንድሙ ልጅ ሰጠው፤ ዳልጮ ሲሞት ለእኔ ቀረ" ይላሉ። ነጋዴው ሸዋንዳኝ ደግሞ "የእህቱ ልጅ እኔ ነኝ፤ የሰጠው ለእኔ ነው" ይላል። ሁለቱም የስጦታ ወረቀት አቀረቡ። ሁለቱም ላይ የአበጋዝ ፊርማ አለ።

እማማ ልክነሽ ያንን ማሳ ካጡ ሌላ ምንም የላቸውም። ክረምት ከበጋ እዚያው ጎንበስ ቀና ሲሉ ነው የሚውሉት፤ ሙዙን ገበያ አውጥተው የሚሸጡትም ራሳቸው ናቸው። ፀዳለ ደግሞ ደንበኛቸው ናት። ይህንኑ ለዳኛው አልደበቀችም። "ከእሳቸው ሙዝ እገዛለሁ፤ ሌላ ባለሙያ ይሾም" አለች።

የሸዋንዳኝ ጠበቃ ሳቀ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሙዝ ምክንያት ባለሙያ ከቀየርን አርባ ምንጭ ውስጥ ማን ይተርፋል?" አለና ተቃውሞ እንደሌለው አስመዘገበ።

ፀዳለ በእማማ ልክነሽ ወረቀት ጀመረች። ወረቀቱ ጠይሟል፤ ጢስ ጢስ ይሸታል። ልጃቸው ዕዝራ ደጋው ላይ፣ ዶርዜ ባለው የቤተሰቡ ቤት፣ ጣሪያ ሥር ታጥፎ ተሰክቶ ነው የኖረው ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። ነገሩ ያስኬዳል። ዶርዜ ቤት እሳቱ እውስጥ ነው የሚነድደው፤ ጢሱ በቀርከሃው መሀል መውጫ ሲፈልግ ያገኘውን ሁሉ ያጠቁራል። ፊርማውም ደህና ነው። ዕዝራ የአበጋዝን ፊርማ እያየ ያደገ ልጅ ነው፤ ራሱ ፈርሞት ቢሆን እንኳ ፊርማው ብቻውን አያጋልጠውም።

ፀዳለን የቆረቆራት ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ ለአራት ታጥፎ ነው የመጣው። ስትዘረጋው ውጩም ውስጡም እኩል ጠይሟል። እጥፋቱ ላይ ግን፣ ወረቀቱ ተሰብሮ በተላጠበት ቦታ፣ በማይክሮስኮፕ ስታየው ነጭ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታህል፣ ጢስ ያልነካት ቦታ አለች።

"ወይ ጉድ!" አለች ብቻዋን።

ተሳስቼ ቢሆንስ ብላ በማግስቱ ዶርዜ ወጣች። ሸማኔዎች ቤት እየገባች ጣሪያ ሥር የከረመ የታጠፈ ወረቀት ካላችሁ አሳዩኝ አለቻቸው። "ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?" እየተባባሉ የጥምቀት ካርድም የግብር ደረሰኝም አወጡላት። ሁሉም ውጫቸው ጠቁሯል፤ ሲዘረጉ ሆዳቸው ነጭ ነው። የታጠፈ ወረቀት ውስጡን ጢስ ከየት ያገኘዋል? የዕዝራ ወረቀት ግን መጀመሪያ ተዘርግቶ፣ በመቆንጠጫ ተሰቅሎ ጢስ ጠጣ፤ ከዚያ ሲታጠፍ የጠቆረው ላዩ እጥፋቱ ላይ ተላጠ። ያቺ ነጭ ቦታ መቆንጠጫው የያዛት ናት። ደጋ ያደገ ልጅ ጢስ ወረቀትን እንደሚያስረጅ ያውቃል። አስቀድሞ ማጠፉን ግን ረሳው።

ባሏ ዘመድኩን መምህር ነው፤ ልቡ ሩህሩህ። ምሳ ላይ ነገሩን ስትነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ፊርማው አያስታውቅም አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያ ስለ ፊርማው ብቻ ጻፊ። ዋሺ አላልኩሽም፤ ስለ ጢሱ ዝም በይ ነው የምልሽ። ማሳው የማን እንደሆነ አገር ያውቀዋል።"

"አገር የሚያውቀውን አገር ይመስክር። እኔ የተጠየቅሁት ወረቀቱን ነው።"

"ሴትዮዋ ሜዳ ላይ ይቀራሉ እኮ፣ ፀዳለ!"

"አውቃለሁ!" ብላ ጮኸችበት። "አንጀቴ እያረረ አይደል እንዴ? ግን ዛሬ ለወደድኩት ዓይኔን ከጨፈንኩ፣ ነገ ለፈራሁት እጨፍናለሁ። አላደርገውም አልኩህ፣ አላደርገውም!"

ተነሥታ ያየችውን አንድ ሳታስቀር ጻፈች። ከዚያ የሸዋንዳኝን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች።

በችሎቱ ቀን የታሸገ ፖስታዋን ለዳኛው ሰጥታ ቆመች። ስለ ጢሱ፣ ስለ እጥፋቱ፣ ስለ መቆንጠጫው ተናገረች። ዕዝራ አንገቱን ደፋ። እማማ ልክነሽ ግን ብድግ አሉ።

"እውነተኛውን ምስጥ በላው! ከግድግዳው ሥር ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሳጥኑንም ወረቀቱንም ምስጥ በላው!"

"ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለው አልተናገሩም?" አሉ ዳኛው።

"ምስጥ በላው ብል ማን ያምነኛል? ትስቁብኛላችሁ!"

እውነትም ከኋላ አንዱ ሳቀ። እማማ ልክነሽ ወደ ፀዳለ ዞሩ። "አንቺ! ከእጄ እየበላሽ!"

ፀዳለ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

ጠበቃው ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ተነሣ። "የባለሙያዋን ብቃትና ገለልተኝነት ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን፤ ይመዝገብልን።" ተመዘገበ። ሸዋንዳኝ ኮቱን አስተካክሎ ለመውጣት ተዘጋጀ።

"ሪፖርቴ አላለቀም" አለች ፀዳለ።

ሁለት ስስ ፕላስቲኮች አወጣች። አንዱ ላይ አበጋዝ በሕይወት ሳለ አባል በነበረበት የመስኖ ማህበር ቅጽ ላይ የፈረመው አለ፤ ሌላው ላይ የሸዋንዳኝ ወረቀት ፊርማ። አንዱን በሌላው ላይ ደርባ በመስኮቱ ብርሃን ለዳኛው አሳየቻቸው። የታየው አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሰው እጅ ማኅተም አይደለም። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ሲፈርም ልክ እንዲህ አይገጥምም። ይህኛው ከዚያኛው ላይ ተደርቦ የተቀዳ ነው።"

ጠበቃው ሊቃወም ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። ምን ይበል? ብቃቷን አሁን አይደል እንዴ ያስመዘገበው!

ሁለቱም ወረቀት ከወደቀ በኋላ ዳኛው ስጦታው ሲደረግ በምስክርነት የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አስጠሩ። ከዶርዜ ወረዱ። እነሱ ዘንድ ዱቡሻ በሚሉት ሜዳ ላይ፣ በሽማግሌ ጉባኤ የተባለን ነገር ማጣመም ጎሜ፣ ከባድ እርም ነው፤ ቅጣቱ ልጅ ላይ ይደርሳል ብለው ይፈራሉ። አበጋዝ የት ተቀምጦ፣ ምን ብሎ ማሳውን ለዳልጮ እንደሰጠ አንድ በአንድ ተናገሩ። ለሸዋንዳኝ የመሰከረ የለም። ማሳው ለእማማ ልክነሽ ተወሰነ። በሐሰተኛ ሰነድ ግን ወረቀቶቹን የሠሩት ሁለቱም ተከሰሱ፤ ሸዋንዳኝም ታሰረ፣ ዕዝራም ታሰረ።

ዘመድኩን "ለጊዜው ሙዝ ከሌላ ሰው እንግዛ" አላት። ፀዳለ እምቢ አለች። በገበያው ቀን ዘንቢሏን ይዛ ሄዳ እማማ ልክነሽ ፊት ቆመች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። "ሌላ ሰው ቢያየው ኖሮ ጢሱን ያውቅብን ነበር?"

"አያውቅም ነበር፣ እማማ።"

"እና አንቺ ለምን አወቅሽ?" አሏት።

ፀዳለ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። "የሸዋንዳኝንም ያወቅሁት በዚሁ ዓይን ነው፣ እማማ። አንዱን ባልፍ ኖሮ ሌላውን ማን ያምነኝ ነበር?"

እማማ ልክነሽ ጎንበስ ብለው ከሙዙ ሁሉ የበሰለውን መርጠው ዘንቢሏ ውስጥ ከተቱላት።

"ይሄ ያንቺ አይደለም" አሉ። "ዕዝራ ሙዝ ይወዳል። አንቺ ነሽ የምትወስጂለት።"

ፀዳለ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በቀጥታ ሄዳ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ጠባቂው ሙዙን ፈተሸና ስሟን ሊመዘግብ ብዕር አነሣ።

"ለእስረኛው ምኑ ነሽ?"

"ያሳሰርኩት እኔ ነኝ" አለች ፀዳለ። "እንደዚያ ብለህ ጻፈው።"