የማስመለሻ ቅዳሜ

የምህንድስና ተማሪዎች የቅዳሜ ውድድር ማርክ የለው፣ ፈተና የለው፤ ሕጉ አንድ ነው። የሆነ ነገር ሠርተህ ለአንድ ሠራተኛ ለሳምንት ታውሳለህ። ቅዳሜ የወርክሾፑ ኃላፊ አብረውህ ይሄዱና «መልሱ» ይላሉ። ሰውዬው በደስታ ከመለሰልህ ወድቀሃል፤ መመለሱ ከከበደው አሸንፈሃል። ያሸነፈ የወርክሾፑን አንድ ጥግ ከነቁልፉ ለዓመት ይረከባል።

ሜትር ከእጇ ስለማይጠፋ «ሜትሮ» የሚሏት ተመራቂ ሁለቴ ወድቃለች። ይህ የመጨረሻዋ ነው። ያንን ጥግ ካላገኘች የራሷን ሥራ የምትጀምርበት አንድ ጠረጴዛ እንኳ የላትም።

ለልብስ ተኳሿ ሴትዮ የካውያውን ሙቀት በመብራት የሚያሳይ መሣሪያ ሠራችላቸው። ረቡዕ ብቅ ብትል፣ መሣሪያው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

«እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ። «ሙቀቱንማ እጄ ያውቀዋል።»

አይ መማር! ካውያውን ለክታለች፣ ጠረጴዛውን ለክታለች፤ «ምን ያስቸግርዎታል?» ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም። ጓደኞቿ «ተይው፣ በሦስት ቀን ምን ይሠራል?» አሏት። እሷ ግን ካላሸነፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ፣ በርጩማ ስባ እዚያው ተኳሿ አጠገብ ተቀመጠች።

ቀኑን ሙሉ አየች። የካውያው ገመድ የተተኮሰውን ሸሚዝ እየጎተተ ያጨማድደዋል። ሴትዮዋ ትከሻቸው ላይ ይጥሉታል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ያነሱታል።

«እሱማ የዘወትር ጠላቴ ነው» አሉ ሲጠየቁ።

ዓርብ ጠዋት ሜትሮ ካሮጌ ወንበር የነቀለችውን ሞላ ጣሪያው ላይ ሰቅላ ገመዱን አንጠለጠለችበት፤ ገመዱ ሸሚዙን መንካት ተወ።

ቅዳሜ ኃላፊው መጡ። ሴትዮዋ ይሉኝታ የሚገድላቸው፣ እንቢ ማለት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ሜትሮን ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«እናቴ፣ የልጅቷን ዕቃ ልንወስድ ነው።»

«እንዴታ፣ የሰው ዕቃ አይደል» ብለው የተጠቀለለውን መሣሪያ አቀበሏቸው።

«ያኛውስ?» ኃላፊው ወደ ጣሪያው አዩ።

«እሺ፤ ይቺን ሸሚዝ ልጨርስና።»

ጨረሱ። ሌላ ሸሚዝ ሳቡ። ኃላፊው ቆመው ጠበቁ። ሴትዮዋ ቀና ሳይሉ ሦስተኛ ሳቡ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ኃላፊው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡና ለሜትሮ ሰጧት።

«ልጄ» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን ከሸሚዙ ሳይነቅሉ፤ «ጎረቤቴ ልብስ ሰፊውም ይቺኑ ሥሪልኝ ይላል። ስንት ልበለው?»

ሜትሮ ቁልፉን ጨብጣ በርጩማዋን አነሳች።

«ቆዩ፣ መጀመሪያ ሄጄ ልብስ ሰፊው አጠገብ ልቀመጥ» አለች።